ባለ ጎማው ጎጆ

ወላሂ ብዬ ብምል «ሙስሊም ሳትሆን» ትሉኛላችሁ፤ በማርያም ብል «የለመደብህ ነው» ትሉኛላችሁ። ስለዚህ በወሎ ደንብ በሁለቱም ምያለሁ፤ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ጠብታ አልጨመርኩበትም። እንዲያውም ልቡ ደካማ የሆነ አንባቢ እንዳይጎዳብኝ ብዬ ብዙውን ቀንሼዋለሁ። ከወግዲ እስከ ከላላ ጠይቁ። «አልሰማሁም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ያን ሰሞን ወይ አገር ውስጥ አልነበረም፣ ወይ ጆሮ አልፈጠረበትም።

በመካነ ሰላም ከመናኸሪያው ጀርባ ይርዳው የሚባል በያጅ አለ። በያጅ ስላችሁ እንደ ሌላው በያጅ እንዳትገምቱት። እሱ የሠራውን ጋሪ ፈረሱ አርጅቶ ሲሞት የፈረሱ ልጅ ይወርሰዋል፤ የልጁም ልጅ ይጎትተዋል። እሱ በበየደው በር ላይ አንድ ሌባ ሲታገል አድሮ፣ ጠዋት ባለቤቱን ቀስቅሶ «ልፋቴን እይና ክፈትልኝ» ብሏል። ታዲያ ይህ ብረት የሚፈራው ሰው ራሱ ሴት ይፈራ ነበር። ሴት ደንበኛ ከመጣች የብየዳ መነጽሩን ሳያወልቅ፣ ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ተደብቆ ነበር የሚያናግራት።

የሻለም የምትባል ልጅ የመጣች ዕለትም መነጽሩን እንዳጠለቀ ነበር። የሻለም የወግዲው የአያ አስናቀው ልጅ ናት። አያ አስናቀው በሬያቸው ሲያገሳ ዓባይ ማዶ ያለ በሬ የሚደነግጥላቸው ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ግን ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ከርማ ገና መመለሷ ነበር።

«ወንድሜ፣ የበር መቀርቀሪያ ሥራልኝ» አለችው። «ከውስጥ የሚዘጋ።»

«ለውጩስ?»

«ለውጩ አታስብ። ውጩን ሌሎች ሲዘጉብኝ ኖረዋል።»

ይርዳው መነጽሩን አወለቀ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ያን ሰዓት የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ፤ ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ነው ብሎ አለፈው፤ እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ።

መቀርቀሪያው እስኪያልቅ ስትጠብቅ ወሬ ጀመረች። አሠሪዎቿ ብርድ ሲገባ ወደ በረሃ ይወጡ ነበር፤ ከመኪናቸው ኋላ አንዲት ትንሽ ቤት አስከትለው። ቤት ትባል እንጂ ሁለት ሰው ከተኛባት ሦስተኛ ሐሳብ እንኳ አይገባባትም። ፊቷ ድቡልቡል፣ ኋላዋ ሾጠጥ ያለ። የኋላ ክዳኗ ወደ ላይ ሲከፈት የምድጃና የድስት መደርደሪያ አለው፤ ጣራዋ ላይ ደግሞ መስኮት። እነሱ ውስጥ ይተኛሉ። የሻለም ውጭ፣ ከድስቶቹ ጎን፣ ምንጣፍ ላይ።

«በመስኮቷ የሚወጣውን መብራት ከውጭ ሆኜ አይ ነበር» አለች። «አንድ ቀን የኔ ብትሆን፣ በሯን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ ኮከብ እያየሁ፣ ማንም ስሜን ሳይጠራ እተኛለሁ እል ነበር። ሞኝነት ነው፣ አይደል?»

ይርዳው ጠመኔ አቀበላት። እሷም ሲሚንቶው ወለል ላይ ተንበርክካ ቤቷን ሳለቻት።

«የእንባ ዘለላ ትመስላለች» አለ።

«አዎ። የተጋደመ እንባ።»

እሷ ሄደች፣ ሥዕሉ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይርዳው በሥራ ቤቱ ውስጥ የግድግዳውን ጥግ ጥግ ይዞ መዞር ጀመረ። በዚያ ወለል መሐል መርገጥ ደረቷን መርገጥ መሰለው።

*

ሽማግሌ ተላከ። አያ አስናቀው ደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ እያሽከረከሩ ሰሙ።

«ልጁ ምን አለው?»

«እጅ አለው፣ አያ አስናቀው። የሚሠራ እጅ።»

«እጅማ ዝንጀሮም አለው» አሉ። «ቤት ይሥራና ይምጣ። የልጅቱ የዓረብ አገር ቪዛ ደርሷል። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ፣ ወይ ቤት ወይ መንገድ።»

በመካነ ሰላም የቤት ቦታ ማግኘት ዓባይ ገደል ውስጥ የኳስ ሜዳ መፈለግ ነው። ይርዳው እህል አስጠላው። ሥዕሉን ሲያይ ዋለ፣ ሲያይ ሰነበተ። በመጨረሻ ወዳጁን ፋሩቅን ጠራው። ፋሩቅ በአሮጌ ፒካፕ ከወግዲ መካነ ሰላም ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው።

«ፋሩቅ፣ ሰውዬው ቤት ይሥራ አሉ እንጂ መሬት ላይ ይሥራ አላሉም።»

«እና አየር ላይ ልትሠራው ነው?»

«ጎማ ላይ።»

ፋሩቅ በሳቅ የመኪናውን በር ያዘ። «አንተ ሰውዬ፣ ጎማ ያወጣ ቤት እኮ ሌባ ነው! ማታ ከሥራ ስትመለስ ሚስትህን ከነቤትህ ከላላ ብታገኛትስ?»

«የምትጎትትልኝ አንተ ነህ።»

«የኔ ፒካፕ ራሷን ከጎተተች አልሐምዱሊላህ ነው!»

ግን እሺ አለ። ወሎ ውስጥ ለፍቅር እምቢ ያለ ሾፌር ታይቶ አይታወቅም።

የሻለም በስልክ ስትሰማ በአንድ ትንፋሽ አወራች። ደንቆሮ በሚባለው ጫካ ዳር ያቆሟታል፤ ሲሻቸው ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ የኋላውን ክዳን ከፍታ ሽሮ ትሠራለች፤ ለእሱና ለራሷ ብቻ። ይርዳው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ያዳምጣል። ደስታዋ አስፈራው። ይህን ያህል ደስታ አምኖ የሰጠው ሰው አልነበረም።

የባለ ጎማዋ ቤት እቅድ ደግሞ ከደስታዋ የባሰ አስጨነቀው። ታችዋ ቱቦላሬ ብረት፤ ጎማዋና ነውጥ የሚያበርደው ባሌስትራዋ ከአሮጌ መኪና፤ ጎኗ ኮምፔንሳቶ ጣውላ፤ ላይዋ የላሜራ ቆርቆሮ። ብትከብድ ዳገቱ ላይ የፋሩቅን ፒካፕ ይዛ ቁልቁል ትወርዳለች። ብትቀል የወግዲ ነፋስ ይገለብጣታል። ጣራው ሜዳ ከሆነ ዝናብ ይተኛበታል፤ አብዝቶ ከጎበጠ ደግሞ የተኛው ሰው እግር ከክዳኑ ጋር ይጣላል። የሻለም ረጅም ናት። በእኔ ግምት ዛፍ ላይ የሰፈረ ጭልፊት ሳትንጠራራ ታወርዳለች። ይርዳው ግን በግምት ብረት አያጥፍም። ሁሉም ልክ የሚነሳው ከአልጋው ነው፤ የአልጋው ልክ ደግሞ ከእሷ።

ስልኩን አንስቶ አስቀመጠው። እንደገና አነሳው።

«የሻለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። እንዳትቀየሚኝ።»

«ምን?»

«ቁመትሽን።»

ሳቋ ከወግዲ መጥቶ ጆሮውን ሞላው። «በምን ልለካው? እኛ ቤት ሜትር የለም።»

«በክር። ከራስሽ እስከ ተረከዝሽ። ፋሩቅ ሲመጣ ስጭልኝ።»

«እሺ። ግን ትንሽ አስረዝሜ ነው የምልክልህ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «እዚያ እግሬን አጥፌ ነው የተኛሁት። አሁን ልዘረጋው እፈልጋለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ይርዳው መነጽሩን አጠለቀ። የሚበይደው ነገር አልነበረም። ዓይኑን ሰው እንዳያይበት ነው።

*

እዚህ ላይ ይርዳው ያኔ ያላወቀውን፣ እናንተ ግን ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ።

የሻለም ከእናቷ እንዝርት የጥጥ ፈትል ወስዳ፣ ምሰሶው ሥር ቆማ ተለካች፤ ፋሩቅ እስኪመጣም ፈትሉን ከትራሷ ሥር አኖረችው። እናቷ እትዬ ንግሥቴ አልጋ ሲያነጥፉ አገኙት። አንስተው ዘረጉት። የሰው ቁመት ነው። የልጃቸው ቁመት ነው።

በእኛ አገር የሰው ቁመት በፈትል የሚለካው ሰው ሲታመም ነው። ለታመመው ሰው ስዕለት ይገባለታል፤ በቁመቱ ልክ ፈትል ሰም ተነክሮ፣ ጧፍ ሆኖ ለታቦት ይበራለታል። እትዬ ንግሥቴ ፈትሉን ደረታቸው ላይ አጣብቀው እንዲህ አሰቡ፦ ልጄ ከዓረብ አገር በሽታ ይዛ መጥታለች፤ እኔን ደብቃ በልቧ ተስላለች! ስዕለት ደግሞ አይጠየቅም፤ ባለቤቱ በልቡ የያዘውን ማስለፍለፍ ነውር ነው። ስለዚህ ቃል ሳይተነፍሱ ፈትሉን ደርበው፣ ሰም ነክረው፣ ማርያም ወስደው አበሩት። ያን ዕለት ያፈሰሱት እንባ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደ ክረምት ወንዝ ወርዶ፣ ካህኑ የልብሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ነው የተሻገሩት።

የሻለም በበኩሏ ፈትሉን ስታጣው፣ ፋሩቅ ጠዋት በደጃቸው አልፎ ስለነበር ከቤት ሰው ተቀብሎ ወስዶልኛል ብላ ደስ አላት። ይርዳው ደግሞ መካነ ሰላም ላይ ዓይኑ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ፋሩቅ መጣ። መጣና ከመኪናው አልወረደም።

«ክሩስ?» አለ ይርዳው።

ፋሩቅ ሞተሩን አጠፋ። «ይርዳው፣ አብሽር።»

ይርዳውን ብርድ ወረረው። «አብሽር»፣ አይዞህ ማለት፣ የሚባለው ክፉ ነገር ከደረሰ በኋላ ነው።

«ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወግዲ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነው። እናትዮዋ በቁመቷ ልክ ጧፍ አብርተውላታል። ከዓረብ አገር ይዛው የመጣችው በሽታ አለ ይላሉ። የማይድን።»

«ማን ነው የማይድን ያለው?»

«ሰው።»

ይርዳው ተመልሶ ገባና ከጠመኔው ሥዕል አጠገብ ቁጢጥ አለ። አሁን ሁሉም ነገር የገባው መሰለው። ያ በአንድ ትንፋሽ ያወራችው ወሬ፣ ያ ጥድፊያ፣ ያ «ልዘረጋው እፈልጋለሁ» ያለችው። ጊዜ ያጠረው ሰው ነው ኮከብ የሚናፍቀው።

ስልኩ ጠራ። እሷ ናት። ስሟ ስክሪኑ ላይ በራ፣ ጠፋ፣ በራ። ይርዳው አየው። አላነሳውም። «ደህና ነሽ?» ብሎ ቢጠይቃት ልትዋሸው ነው፤ ባይጠይቃት ድምፁ ሊያሳብቅበት ነው። ጥሪው አበቃ።

ግን ሥራውን ጣለ እንዳትሉ! እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ ሥዕሉን ጠረገና እንደ አዲስ ሳለው፤ ክሩ ባይደርሰውም አስረዝሞ የጎኑን ቱቦላሬ አጎበጠ። ደከም ያለ ሰው እግሩን ሳያነሳ እንዲገባ ደረጃውን ዝቅ አደረገው። ሰው አቅፎ የሚያስገባት ቢሆንስ ብሎ በሩን አሰፋው። ተደግፋ እንድትቀመጥ የራስጌውን ከፍ አደረገ። የጣራውን መስኮት ወደ ፊት አመጣው፤ ቀና ማለት ቢያቅታት ኮከቡ ራሱ ፊቷ ላይ እንዲመጣ። በሩን ባሰፋ ቁጥር ልቡ ይጠብበው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሻለም ወግዲ ላይ ስልኳን ታያለች። ወሬው እሷም ጆሮ ደረሰ፤ «ታማለች» መባሏ፣ እሱም መስማቱ። ከዚያ በኋላ የእሱ ዝምታ ከበሽተኛ መሸሽ መሆኑን ለመገመት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ለአባቷ «አባባ፣ መንገዱ ይሁን» አለቻቸው።

ዳግማይ ትንሣኤ ሊደርስ ሲል ፋሩቅ በሥራ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ነገ ጠዋት በአዲስ አበባው አውቶቡስ ትሄዳለች።»

«ታማ እንዴት ትሄዳለች?»

«እሱን እሷን ጠይቃት። ደውላልህ ነበር አሉ» አለ ፋሩቅ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። «ለምን አላነሳህም፣ ወንድሜ?»

የፈራ ሰው ለምን እንደፈራ ቢያውቅ ኖሮ ባልፈራ ነበር።

*

ያን ጠዋት ሰማይ ተቀደደ። ዝናብ ስላችሁ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ በሽሎ ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ መካነ ሰላም ላይ የተገለበጠ ነው። በረዶው የዶሮ እንቁላል ያህላል ብል ውሸታም እባላለሁ፤ ይበልጥ ነበር። ይርዳው እንደ እንባ ዘለላ ያጎበጠውን ቱቦላሬ፣ የተሳቢዋን የጎን አጥንት፣ አራት ጎበዝ የማያነሳውን ብረት በትከሻው አድርጎ ወደ መናኸሪያው ሮጠ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ እየተንፏቀቀ ነበር። ይርዳው ብረቱን አውቶቡሱ ፊት አጋድሞ መሐሉ ገብቶ ቆመ።

«አንተ! ምንድን ነው እሱ?» ሲል ሾፌሩ ጮኸ።

«ቤት ነው!»

«ታዲያ ቤትህን ከመንገድ አንሳዋ!»

የሻለም በአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ብቅ አለች። ከታች አያ አስናቀውና እትዬ ንግሥቴ ሊሸኟት ቆመዋል። መብረቁ ፊቷን ሲያበራው ይርዳው የቀላውን ዓይኗን አየ። ከብየዳ እሳት ይልቅ ያ ዓይን አቃጠለው።

«ስልኬን ለምን አላነሳህም?»

«ፈራሁ።»

«ምንን?»

«ድምፅሽን። መሞትሽን ከድምፅሽ እንዳልሰማ።» ድምፁ ተሰበረ። «ግን አልሸሸሁም። ደረጃውን ዝቅ አድርጌዋለሁ። በሩን አስፍቼዋለሁ። መስኮቱንም ወደ ፊትሽ አምጥቼዋለሁ። አንድ ቀንም ቢሆን፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን፣ ውስጡ እግርሽን ዘርግተሽ ተኚልኝ። እኔ ውጭ፣ ከድስቶቹ ጎን እተኛለሁ።»

የሻለም ደረጃው ላይ ደርቃ ቀረች።

«ማን ነው የሚሞተው?»

«በቁመትሽ ልክ ጧፍ ተለኩሶ...»

«ቁመቴን ያስለካኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ!»

ነጎድጓዱ ራሱ ለመስማት ዝም አለ። እትዬ ንግሥቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ፣ ፈትሉ... የስዕለት አልነበረም?»

«የአልጋ ነበር፣ እማዬ!»

«እመቤቴ ማርያም! እኔ የአልጋ ልክ ነው ያበራሁልሽ?»

የሕዝቡ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ። አያ አስናቀው ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን ለሚስታቸው ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከብረቱ መሐል ጭቃው ላይ ተጋደሙ። እግራቸውን ዘረጉ። አልነካም። ሰማዩን ትክ ብለው አዩት።

«ለምን ቤት አለው አላላችሁኝም?» አሉ። «ይኸ ቤት ነው።»

የሻለም ከደረጃው ዘለለች። ይርዳው ተቀበላት። እልልታው እስከ ከላላ ተሰማ፤ ኩታበር ያሉ ሰዎች የማን ሠርግ ነው ብለው ነጠላቸውን አንስተዋል። ሁለቱ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የሚሰሙት የእርስ በርስ ትንፋሻቸውን ብቻ ነበር።

*

ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያው ውስጥ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ይህንኑ ልክ እንደዚህ አውርቼ ጨረስኩ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። በዛች የምትባለው የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ያን ጠዋት እዚሁ ነበርኩ።»

«እና?»

«ዝናብ አልነበረም፤ ፀሐይ ነበር። አያ አስናቀውም እትዬ ንግሥቴም አልመጡም፤ ልጅቷ ብቻዋን ናት። ስለ ጧፍም ስለ ተሳቢም ሲነሳ አልሰማሁም። ይርዳው ባዶ እጁን መጣ። እዚያ ጥግ ተቀመጡ። አላወሩም። አውቶቡሱ ሲጣራ ሻንጣዋን ተቀበላትና ጣራው ላይ ወጥቶ ራሱ አሰረላት። እንዳይወድቅባት ደጋግሞ አጠበቀው። ሄደች።»

ብርጭቆውን በአፉ ደፋችው።

«ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችውም ነበር። እሱ ተመልሶ ገብቶ ቀሪውን ጠጣው። ቀዝቅዟል፣ ላሙቅልህ ብለው ‹ተይው፣ እንዲሁ ይሁን› አለኝ።»